በረዶ የመታው የግዙፍ ዱባ ችግኝ፦ ልንቀለው ወይስ ላስታምመው?

የሐይቅ ጓሮ
ሰላም ናችሁ ወገኖች። የምጽፈው ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው። ያ በየፌስቡኩ የምታዩት፣ ሰው የማይሸከመው ዱባ አለ አይደል? «አትላንቲክ ጃይንት» የሚሉት። ዘሩ ከውጭ መጥቶልኝ በሚያዝያ አፈላሁት። ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ጓሮ አዛወርኩት። ትናንት ከሰዓት በረዶ ወረደበት። በረዶም በረዶ ነው እንጂ! የቆርቆሮው ጩኸት ሰው አላነጋግር ብሎ ነበር።

የቀረኝን ልንገራችሁ። አንዱ ችግኝ ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል፣ ግንዱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ሁለተኛው ግንዱ ታጥፏል። ስንጥቁ ውስጥ እርጥብ ክር ክር ነገር ይታያል፣ በአንድ ጎን ብቻ ቆዳው ይዞታል። የሦስተኛው አናት ላይ የነበረችው ጠጉራም ቀምበጥ ተገንጥላለች። አራተኛውን በረዶው ስቶት ነበር። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ከአፈሩ ልክ ተቆርጦ ተጋድሟል። ቅጠሉ አልተበላም። ቆርጦ ጥሎት ነው የሄደው፣ ማን እንደሆነ እንጃ።

ነቅዬ የአገሩን ዱባ ልዝራበት? ወይስ ማስታመሙ ያዋጣል? ቢተርፍስ ትልቅ ፍሬ ይወጣዋል?

እማ ተሁለደሬ
ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ። የምትጽፈው ልጄ ናት፣ እኔ እየነገርኳት ነው። ንቀልና ዝራ። ዱባ ሥሩን ሲነኩት አይወድም። አንተ አዛወርከው፣ በላዩ ላይ በረዶ መጣበት። ሁለት ጊዜ ተመታ ማለት ነው። ዛሬ ፍሬ ብትከት በሳምንት አካባቢ ብቅ ይላል። ወር ሳይሞላው ያንን በሽተኛ ይቀድመዋል። ጉድጓዱን ሰፋ አድርግ፣ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር አዋህድ፣ ትኩሱን እንዳታደርግ። ሁለት ሦስት ፍሬ ክተትና ደህናዋን አስቀር። ዘር ካጣህ እኔ ጋ ሞልቷል፣ ብቅ በል።

የደሴ ብርድ
እማ እውነት አላቸው። ግን የልጁ ዘር እኮ ሌላ ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ሲባል አልሰሙም? ሃሃ። ወንድሜ፣ እኔ ደሴ ላይ ዱባ ዘርቼ አፈሩ ቀዝቅዞ አልበቅል ብሎኛል፤ አንተ በቅሎልህ ታማርራለህ።

ቦርከና መስኖ
እማ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ሁሉንም ንቀል አልልም። የአገር ዘር ቢሆን እስማማለሁ፣ ፍሬው በየቤቱ አለ። ይኼ ግን ብዙ የሌለው ዘር ነው። ስለዚህ ከመንቀሉ በፊት የተመታው የቱ ጋ እንደሆነ ማየት ነው። ኮምቦልቻ ላይ በየዓመቱ አትክልት ስለምተክል በረዶም፣ ዶሮም፣ ፍየልም የነካው ችግኝ አያለሁ። ሁሉም አንድ አይደለም።

ወንፊት የሆነውን ተወው። እንዳትነካው። ቀዳዳ ቅጠልም ቢሆን አረንጓዴው እስካለ ይሠራል፣ ምግብ ያበስላል። ሰው ግን «ታመመ» ብሎ የተቀደደውን ሁሉ ይቆርጥለታል። ያኔ ነው የሚጎዳው። መቆረጥ ያለበት የሞተው፣ የጠቆረውና የሚበሰብሰው ብቻ ነው።

የታጠፈውን ዛሬውኑ ያዘው፣ ለነገ አይባልም። ስንጥቁ ሳይደርቅ ቀስ ብለህ ቀና አድርገው። ሁለት ሦስት ስንደዶ በጎንና በጎን አድርግና ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ለስላሳ ጨርቅ ጠምጥመው። ማጥበቅ የለም፣ ግንዱ ይወፍራል። ከዚያ እርጥብ ብስል አፈር ከሥሩ እስከ ሁለቱ ወፋፍራም ቅጠሎች ድረስ ክመርበት። የዱባ ግንድ እርጥብ አፈር ካገኘ ከጎኑ ሥር ያወጣል። ስብራቱ ባይገጥም እንኳ አዲስ ሥር ሊረዳው ይችላል። አምስት ስድስት ቀን ቅጠሉን አትንካ፣ ማዳበሪያም አታድርግበት። በተለይ ዩሪያ! ጥላ ብቻ ሥራለት።

ሦስተኛውና አራተኛው ላይ የተማሩት ይናገሩ።

ሰብል ጥበቃ
ተጠራሁ መሰለኝ። ግብርና ነው የተማርኩት፣ ሥራዬም እሱው ነው።

ቀምበጡ የተገነጠለው። ዱባ ሲበቅል መጀመሪያ የሚወጡት ሁለቱ ወፋፍራም ቅጠሎች ስንቅ ናቸው፣ ከዘሩ ውስጥ የመጡ። በመሃላቸው ያለችው ቀምበጥ ደግሞ ወደፊት የሚመጣው ሐረግ ሁሉ መነሻ ናት። ሁለቱ ቅጠሎች ብቻ ባሉበት ጊዜ ቀምበጧ ከሄደች ተስፋው ቀጭን ነው። ያንተው ግን ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል አውጥቷል ብለሃል። ያ ትልቅ ልዩነት ነው። በእያንዳንዱ ቅጠል ብብት ውስጥ የተኛች እምቡጥ አለች። ላይ ያለችው ቀምበጥ እያለች ታች ያሉትን ታፍናቸዋለች፣ በሆርሞን ነው። እሷ ስትሄድ ይነቃሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ በቅጠሉ አገዳና በግንዱ መገናኛ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ፈልግ። ሁለት ሦስት ከወጣ ጠንካራውን አስቀርና ሌላውን በጥፍርህ ቁረጥ። እሱ ዋና ሐረግ ይሆናል። ሙቀቱ ደህና ከሆነ የሚጠፋብህ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ነው።

አራተኛው በረዶ አይደለም፣ ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ይቆርጣል፣ ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። ከቁርጡ ዙሪያ አንድ ስንዝር ያህል አፈሩን በጣትህ ጫር ጫር አድርግ፣ ብዙም አይርቅም። ካላወጣኸው ዛሬ ማታ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል።

የሐይቅ ጓሮ
ኧረ አገኘሁት! ግራጫ ወፍራም ትል ነው፣ ሲነኩት ክብ ሆኖ ይጠቀለላል። ከችግኙ ሥር ነው ተኝቶ የነበረው። አሁን በሕይወት የለም።

የተቆረጠው ግን አሳዘነኝ። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም።

ሰብል ጥበቃ
ካልጠወለገ ሞክረው። ምንም አትከስርም። የተቆረጠውን ጫፍ በንጹሕ ምላጭ አስተካክለህ ቁረጥ። እርጥብ ልል አፈር በትንሽ ዕቃ አዘጋጅና ግንዱን ሁለቱ ቅጠሎች ሥር እስኪደርስ ቅበረው። ከእውነተኛ ቅጠሎቹ ትልቁን ግማሹን ቀንስ፣ ውሃ እንዳይጨርስበት። ላዩ ላይ የተቆረጠ ሃይላንድ ድፋበት። ፀሐይ የማያገኘው፣ ግን ብርሃን ያለው ቦታ አኑረው። ይኼ ቀልድ አይደለም፣ በሩቅ ምሥራቅ ሐብሐብና ኪያር በዱባ ግንድ ላይ ቆርጠው ሲያጣብቁ የዱባውን ሥር አውቀው ቆርጠው ጥለው እንደገና ሥር እንዲያወጣ የሚያደርጉ አሉ። ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ሥር ይይዛል። ያንተው ቆሽሾ ያደረ ቁርጥ ስለሆነ ግን ብዙ አትመን።

ለተረፉት ደግሞ ሃይላንዱን አናቱንና ቂጡን ቆርጠህ ቀለበት አድርግና በግንዱ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ አስገባ። ትሉ አያልፍም።

የደሴ ብርድ
እሺ ተረፈ እንበል። ቁም ነገሩ ይኸው ነው፤ የቆሰለ ችግኝ መቶ ኪሎ ያወጣል? ወይስ ላም አለኝ በሰማይ?

ሰብል ጥበቃ
ጥሩ ጥያቄ። መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ። ዘሩን ያራባው ሃዋርድ ዲል የሚባል የካናዳ ገበሬ ነው፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ዊንዘር ከምትባል ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበበት ዱባ 224 ኪሎ ገደማ ነበር። አሁን ያ ዱባ ለውድድር አይቀርብም። በ2023 አሜሪካዊው ትራቪስ ጊንገር ካሊፎርኒያ ላይ 1,247 ኪሎ አስመዘነ። በ2025 ደግሞ የእንግሊዞቹ መንትያ የፓተን ወንድማማቾች 1,278 ኪሎ አለፉ። ወንድማማቾቹ የሚተክሉት ግሪንሃውስ ውስጥ ነው፣ የኛን በረዶ አያውቁትም።

አሁን ወደ ቁስሉ። የዱባን ፍሬ የሚያወፍረው ቅጠል ነው። ፍሬው ሲይዝና ከያዘ በኋላ ባሉት ሳምንታት ምን ያህል ጤነኛ ቅጠል አለ? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ሻምፒዮኖቹ ዱባዎች በጣም በሚያድጉበት ሰሞን በቀን ዐሥራ አምስትና ሃያ ኪሎ ይጨምራሉ። ያንን የሚሸከም ቅጠል ብዙ ካሬ ሜትር መሬት ይሸፍናል። በችግኝነቱ የጠፉት ሁለት ሦስት ቅጠሎች ከዚያ አንጻር ምንም ናቸው። ችግኙ የሚያጣው ቅጠሉን ሳይሆን ቀኑን ነው።

እዚህ ላይ እኛ ከካናዳ እንሻላለን። እዚያ ግንቦት አካባቢ ተክለው መስከረም መጨረሻ ላይ ውርጭ ይመጣባቸዋል። ሁለት ሳምንት የዘገየ ችግኝ ለነሱ ትልቅ ኪሳራ ነው፣ ስለዚህ ነቅለው ተጠባባቂውን ይተክላሉ። ሐይቅ ላይ መስከረም ላይ ማን ውርጭ አየ? የኛ ውርጭ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፣ እሱም ከፍ ባለው አገር። ውሃ እስካለ ድረስ ጊዜ አለን። ለዚህ ነው እኔ አስታምም የምለው።

የሚጎድለን ብርሃን ነው። ዊንዘር ላይ በሰኔ ቀኑ 15 ሰዓት ተኩል ገደማ ይረዝማል። ወሎ ላይ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቶን የሚመዝን ዱባ አታልም። ለደሴ ብርድ መልሴ፣ መቶ ኪሎ የሚከለክለው ያ በረዶ አይሆንም።

ቦርከና መስኖ
ቀኑስ ይሁን፤ ደመናውን ረሳኸው። አሁን ግንቦት ነው። ይኼ ችግኝ የሚያብበው ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ፀሐይ የሚታየው በልመና ነው። አበባው ውሃ ይገባበታል፣ ፍሬው ጭቃ ላይ ተኝቶ ይበሰብሳል። እኔን ብትጠይቁኝ የተረፈው ዘር ካለ አስቀምጦ ጥቅምት ላይ በመስኖ መዝራት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ብርዱ ያን ያህል አይደለም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ሙሉ ፀሐይ አለ። ውሃውን እኔ በምፈልገው ልክ እሰጠዋለሁ። ያሉትን ችግኞች ግን መለማመጃ ያድርጋቸው፣ አይጣሉ።

እማ ተሁለደሬ
የክረምት ዱባ በዝናብ አድጎ ጥቅምት ላይ ሲሰበሰብ ነው የኖርነው፣ አሁን በሰበሰ ተባለ። ከሥሩ ደረቅ ሣር ወይ ድንጋይ ካደረግህለት አይበሰብስም። ጭቃ ላይ የሚተወው ሰነፍ ነው።

ቦርከና መስኖ
እማ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የእርስዎ ዱባ አሥር ኪሎ ነው፣ ቆዳውም ጠንካራ። ይኼኛው ሲያድግ ራሱን የሚሰነጥቅ ነው። ግን ድንጋዩን ትቶ አሸዋ ቢያነጥፍለት ጥሩ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ሲያድግም ያንሸራትተዋል።

የሐይቅ ጓሮ
አይ ጥቅምት ድረስ ልብ የለኝም። ባሉት እቀጥላለሁ። ዘርም አልቀረኝም። እንዴት ነው ታዲያ አንድ ትልቅ ፍሬ የሚያዘው? ብዙ ሰው አንድ ብቻ አስቀር ይላል።

ቆቦ ቆላ
ከራያ ቆቦ ነኝ፣ እኛ ጋ ሙቀቱ በዝቶ ዱባው ቶሎ ስለሚበስል ግዙፉ አይሳካም፤ አበባ ማዳቀሉን ግን በደንብ እናውቀዋለን፣ ለሐብሐብም እንሠራዋለን።

ሴቴዋን በሥሯ ባለችው ትንሽ ዱባ ትለያታለህ። ወንዴው ቀጭን አገዳ ብቻ ነው። ማታ ላይ ነገ የሚፈካውን አበባ ታውቀዋለህ፣ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ላላ ይላል። ሴቴዋንም ሁለት ሦስት ወንዴውንም አፋቸውን በክር እሰር። ንብ ቀድሞ የሌላ ዱባ ዱቄት እንዳያመጣብህ ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ፍታቸው። የወንዴውን ቅጠል ቦጭቀህ መሃል ያለውን ቢጫ ዱቄት ሴቴዋ መሃል ላይ አሻሸው። መልሰህ እሰራት። ክረምት ስለሆነ ላይዋ ላይ ፌስታል ጣል አድርግ፣ ዱቄቱ ውሃ ከነካው ይፈነዳል፣ አያዳቅልም። ረፋድ ላይ ከሄድክ አበባው ይከስማል፣ ዕድልህ አለፈ።

የመጀመሪያዋን ሴቴ አትያዝ። ዋናው ሐረግ ሦስት ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ያለችውን ያዝ። ያኔ ከኋላዋ በቂ ቅጠል አለ። ለቆሰለ ችግኝ ደግሞ ይኼ የበለጠ ግዴታ ነው። ገና አቅም ሳያበጅ ፍሬ ካሸከምከው እዚያው ይቆማል።

የዱባ ዝንብ እንዳትረሳ። ለጋ ፍሬው ላይ ወግታ እንቁላል ትጥላለች፣ ከውስጥ ይተላል። በሻሽ ወይም በወንፊት ጨርቅ ሸፍነው፣ እስኪጠነክር።

ሰብል ጥበቃ
ጥሩ ብለሃል። በዚህ ላይ ልጨምር። ሐረጉ በሄደበት በየአንጓው ላይ አፈር ጣል እያደረግክ ቅበረው። በየአንጓው ሥር ይሰዳል። የተሰበረው ግንድ ያለው ችግኝህ በተለይ በዚህ ይኖራል። ከሥሩ የሚመጣው ውሃ በስብራቱ በኩል ቢጠበው እንኳ ከፊት ያሉት ሥሮች ይመግቡታል። ፍሬዋ ያለችበት አካባቢ ግን አትቅበር፣ ሐረጉ ላላ ብሎ ይቆይ። ዱባው ሲያብጥ ሐረጉን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ሥሩ ከያዘው ይበጥሰዋል።

እማ ተሁለደሬ
አንድ ብቻ አስቀር ማለት ሌላውን ፍሬ ቆርጦ መጣል ነው? ግፍ አይሆንም?

ሰብል ጥበቃ
አይጣልም እማ። ጡጫ ሳያክል ይቆረጥና ለወጥ ይሁን። ለጋ ዱባ ቆዳው ሳይላጥ ይበስላል።

እማ ተሁለደሬ
እንዲያ ከሆነ ይሁን። በጾም ቀን ይቆረጥ።

የባቲ ሰኞ
ወንድሞች፣ ሁላችሁም ስለ ኪሎ ትላላችሁ፣ ማን ሊበላው ነው? እኔ ነጋዴ ነኝ። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ዱባ የሚሸጠው በእጅ ተይዞ ነው፣ ሲበዛ በግማሽ ተከፍሎ። ከፍ ያለውን ሰው ይጠራጠረዋል። ይኼ የውጭ ዱባ ደግሞ ጣዕም የለውም ይላሉ፣ ውሃ ውሃ ይላል። ወላሂ እኔ አልገዛም።

የሐይቅ ጓሮ
አብሽር፣ ገበያ አላመጣውም። ለትዕይንት ነው። ጣዕሙ እንደማይረባ አውቃለሁ፣ የተወለደው ለክብደት ነው። የተረፈውን ላም ትበላዋለች።

የባቲ ሰኞ
ላም ከበላችማ ማሻአላህ። ግን ስንት ብር ውሃና ፍግ ላም ላይ አፈሰስክ!

የደሴ ብርድ
ሰው እኮ ሰንጋ ያደልባል ለበዓል፣ እሱ ዱባ ቢያደልብ ምን አለበት።

ሰብል ጥበቃ
አንድ ነገር ልናገርና ሁሉም ይስማ። የሚቀጥለው ዓመት ዘር በሻንጣ አታስመጡ። ከውጭ ዘር ለማስገባት የእፅዋት ጤና ሰርተፊኬትና ፈቃድ ያስፈልጋል። ዘር ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ የዱባ ዘመዶች በተለይ። የእማ ዓይነት ዘር ከጠፋብን መቶ ኪሎው አይመልስልንም። እንደውም ከዚሁ ከራሳችን ትልልቅ ዱባዎች እየመረጥን በየዓመቱ ብንዘራ፣ በእጅ እያዳቀልን፣ ካናዳዊውም እኮ ያደረገው ይህንኑ ነው።

እማ ተሁለደሬ
ይኼው እኔ ያልኩት! ዘሩ እኔ ጋ አለ ብያለሁ።

የሐይቅ ጓሮ
እሺ እማ፣ እሁድ እመጣለሁ። አራተኛውን ቀብሬዋለሁ፣ ሃይላንድ ደፍቼበታለሁ። የታጠፈውን በስንደዶ አስሬዋለሁ፣ እስከ አሁን ቆሟል። ቀምበጥ የሌለው ላይ ያልከውን አረንጓዴ ነጥብ አየሁ መሰለኝ፣ ከታችኛው ቅጠል ብብት። ፀጉር ያላት ናት። እሷ ናት?

ሰብል ጥበቃ
እሷ ናት። ሌላ ከወጣ ንገረኝ፣ ሁለቱ አንድ ጣት እስኪያህሉ ሳትመርጥ ቆይ። ቶሎ ቆርጠህ የቀረችው ብትሞት ምን ታደርጋለህ።

ቆቦ ቆላ
ይኼ ሁሉ ተደርጎ ጃርት እንዳትረሳ። ዱባ ገና ሲበስል ሽታው ለጃርቱ ይደርሰዋል፣ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። የግራር እሾህ አጥር ከታች ድፍን አድርገህ አስጠጋ፣ ጃርት ከላይ አይዘልም፣ ከሥር ነው የሚገባው። ውሻ ካለህም እዚያው እሰረው።

የደሴ ብርድ
ሐይቅ ላይ ጃርት አለ እንዴ?

እማ ተሁለደሬ
የት የሌለበት አለ። አምና የበቆሎዬን ግማሽ የበላው ማን መሰለህ። አጥሩን ነሐሴ ላይ ሥራ ልጄ፣ ዱባው ሳይሸት። ከሸተተ በኋላ አጥር አያቆመውም።